ከባድ ጡትና ኦፕራሲዮኑ፦ ከመወሰንዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

ከክሊኒካችን አዋላጅ ነርስ



ባለፈው መጋቢት አንዲት እናት የሦስት ወር መርፌዋን ልትወጋ ወደ መሪ ክሊኒካችን መጣች። ቀኑ ፀሐያማ ነበር። እርሷ ግን ነጠላዋን አጥፋ ደረቷ ላይ ደርባ፣ ትከሻዋን ወደ ፊት አጉብጣ ነበር የተቀመጠችው። ወግቻት ካርዷን ስሞላ፣ «ሲስተር፣ በሩን ዝጊልኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። ዘጋሁት። «ጡቴ ከበደኝ። ለመልኬ ብዬ አይደለም፤ አንገቴንና ትከሻዬን ጨረሰኝ። በኦፕራሲዮን ይቀነሳል ይባላል፤ እውነት ነው?»

ስመረምራት የጡት መያዣዋ ማሰሪያ ትከሻዋን አጎድጉዶ ጣት የሚያስገባ ቦይ ሠርቷል። ከጡቷ ሥር ያለው ቆዳ ተልጦ ያዣል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ከመጀመሪያው ልጄ ጀምሮ፤ ስድስት ዓመቱ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊት አምስት ጊዜ መርፌ ወግቻታለሁ። እርሷም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ይህን ትምህርት ያዘጋጀሁት ለእርሷ የሰጠሁትን መልስ ለእርስዎም ለማካፈል ነው። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከመጠን ያለፈ የጡት ክብደት የጤና ችግር ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በኦፕራሲዮንም መቀነስ ይቻላል። ይሁን እንጂ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባትዎ በፊት «ገና እወልዳለሁ ወይ? አጠባለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት።

ጡት ከበደ የሚባለው መቼ ነው?

እንደሚታወቀው የጡት መጠን ከሴት ሴት ይለያያል። ትልቅ ጡት ሁሉ ሕክምና አያስፈልገውም። ሐኪም የሚመለከተው መጠኑን ብቻ ሳይሆን በኑሮዎ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። ከሚከተሉት ምልክቶች ውስጥ ሁለት ሦስቱ ለወራት ከቆዩብዎ ለጤና ባለሙያ ይንገሩ፦

1ኛ/ የማይለቅ የአንገት፣ የትከሻና የላይኛው ጀርባ ሕመም፤
2ኛ/ የጡት መያዣ ማሰሪያ በትከሻ ላይ የሚፈጥረው ቦይና ቁስለት፤
3ኛ/ ከጡት ሥር ላብ እየተጠራቀመ የሚያመጣው ሽፍታ፣ መላላጥና መጥፎ ሽታ፤
4ኛ/ ራስ ምታት ወይም የእጅ ጣቶች መደንዘዝ፤
5ኛ/ ፈጠን ብሎ ለመራመድ፣ ሥራ ለመሥራት ወይም በጀርባ ለመተኛት መቸገር፤
6ኛ/ በሰው ዓይን ላለመታየት ከታክሲ ወረፋ፣ ከለቅሶና ከሠርግ መሸሽ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የጀርባ ሕመም ሁሉ ከጡት አይመጣም። ከእንጦጦ ቁልቁል የማገዶ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶችን ጀርባቸውን ቢያማቸው ምክንያቱ ሸክሙ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ልብስ የምታጥብ ሴትም እንዲሁ ነች። በመሆኑም ምክንያቱ በምርመራ መለየት አለበት።

ለምን ከመጠን በላይ ያድጋል?

ጡት የተሠራው ወተት ከሚያመነጩ ዕጢዎች፣ ከስብና እነዚህን ከሚያያይዙ ጅማቶች ነው። በአንዳንድ ልጃገረዶች ዕጢዎቹ በጉርምስና ጊዜ ለሆርሞን ከሚገባው በላይ ምላሽ ይሰጡና ጡታቸው በጥቂት ወራት ውስጥ በጣም ያድጋል። በሌሎች ደግሞ እርግዝና ወይም የሰውነት ክብደት መጨመር ምክንያት ይሆናል። በዘር የሚመጣበትም ጊዜ አለ።

«የወሊድ መከላከያው ነው ያሳደገብኝ» የሚሉ ደንበኞች ብዙ ናቸው። እንክብልና መርፌ ጡትን ጠጠር ሊያደርጉና ሊያሳምሙ ይችላሉ። የሦስት ወር መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ የሰውነት ክብደት ይጨምራል፤ ሰውነት ሲወፍር ጡትም አብሮ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ የምንናገረውን ዓይነት ከባድ ጡት የሚያመጡት እነርሱ አይደሉም። ቢያሳስብዎ ቀጠሮዎን ከመዝለል ይልቅ ይንገሩን፤ ሌላ ዘዴ መምረጥ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን አንዱ ጡት ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ሲዳሰስ ጠጣር እብጠት ካለው፣ ጫፉ ደም ካወጣ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ፣ ቆዳውም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎችም ወደ ሕክምና የሚመጡት ዘግይተው ነው።

ከኦፕራሲዮን በፊት ምን ይሞከራል?

ሀ/ ተስማሚ ጡት መያዣ። ክብደቱን መሸከም ያለበት በደረት ዙሪያ የሚያልፈው መቀነት እንጂ የትከሻ ማሰሪያው አይደለም። ስለዚህ መቀነቱ ሰፊና ጠበቅ ያለ፣ ማሰሪያውም ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው ይሁን። ከሰልባጅ ሲገዙም ላስቲኩ ያልረገበ መሆኑን ይዩ።

ለ/ የቆዳ እንክብካቤ። ከጡት ሥር ያለውን ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ በደንብ ያድርቁ፤ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያድርጉበት። ቅቤና ቫዝሊን እርጥበቱን አፍነው ስለሚይዙ ይተዉአቸው። በሳምንት ካልተሻለዎ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለሕክምና ይምጡ።

ሐ/ ክብደት መቀነስ። ከጡት ውስጥ አንዱ ክፍል ስብ ስለሆነ ሰውነት ሲቀንስ የጡትም ክብደት ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙውን ክፍል የያዘው ዕጢ ከሆነ ለውጡ ትንሽ ነው።

በእነዚህ ሕመምዎ ከተሻለዎ ኦፕራሲዮን ላያስፈልግዎ ይችላል። ካልተሻለዎ ደግሞ የሞከሩትን ሁሉ ለሐኪሙ ሲነግሩት ችግርዎ የጤና መሆኑን ይረዳል። «ጡት ያቀንሳል» እየተባለ በሚሸጥ ቅባት ግን ገንዘብዎን አያባክኑ።

ኦፕራሲዮኑ እንዴት ይሠራል?

ይህ ሥራ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ሥራ ነው። «ፕላስቲክ» የሚለው ቃል አያስደንግጥዎ፤ የተጎዳ ወይም የተዛባ የሰውነት ክፍልን መልሶ የሚያስተካክል የቀዶ ሕክምና ዘርፍ ነው። በቃጠሎ የተጎዱ ልጆችን የሚያክመውም ይኸው ዘርፍ ነው።

ታካሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣታል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። ሐኪሙ አስቀድሞ ቆዳዋ ላይ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ምልክት ያደርጋል። ዛሬም በብዙ ቦታ የሚሠራበት ቅድ እ.ኤ.አ. በ1956 ሮበርት ዋይዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከጡት መያዣ አቆራረጥ ተነሥቶ ያወጣው ነው። በዚህ ቅድ መሠረት ትርፍ የሆነው ዕጢ፣ ስብና ቆዳ ይወጣል። የጡት ጫፍ ግን ከሥሩ ካለው ሥጋ፣ ደም ሥርና ነርቭ ሳይለይ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል። ስፌቱ በጫፉ ዙሪያ ዞሮ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ በጡት ሥር አግድም ስለሚያልፍ የመርከብ መልሕቅ ይመስላል። የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተልኮ ይመረመራል።

ጡቱ እጅግ በጣም ትልቅ ሲሆን የጡት ጫፉ ጨርሶ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ እንደ ቆዳ ንቅለ ተከላ በአዲሱ ቦታ ይሰፋል። በዚህ መንገድ የተሠራች ሴት የጫፉን የተለመደ ስሜት ታጣለች፤ ማጥባትም አትችልም። ስለዚህ «የኔ በየትኛው መንገድ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጡት ማጥባትስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የመጀመሪያ ልጇን ነፍሰ ጡር ሳለች ክትትሏን እኔ ዘንድ ታደርግ ነበር። «ኦፕራሲዮን ተደርገሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠይቄአታለሁ። «አላውቅም» አለችኝ። ከወለደች በአሥረኛው ቀን ልጁን ስመዝነው ሲወለድ 3,000 ግራም የነበረው 2,550 ግራም ሆኗል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚሸናው። ደረቷን ገልጣ ልታጠባው ስትል የመልሕቁን ጠባሳ አየሁ። ከማግባቷ በፊት ለሥራ ውጭ አገር ሳለች ጡቷን አስቀንሳለች። ኦፕራሲዮን ስላት የሆድ መስሏት ነው «አላውቅም» ያለችኝ። እዚያም «ልጅ ትወልጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እኔም በክትትሏ ሁሉ ሆዷን እንጂ ጡቷን አላየሁም።

በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። ልጁ ተጨማሪ ወተት እየተሰጠው፣ እርሷም ጡቷን ማጥባቱን ሳታቋርጥ ቀስ በቀስ ክብደቱ ተመለሰ። እርሷ ግን አሥሩን ቀን «ወተት የለሽም» የሚላትን ጎረቤት እየሰማች አልቅሳ ነው የከረመችው። ከዚያ ወዲህ የማንኛዋንም ነፍሰ ጡር ጡት ሳላይ አልፌ አላውቅም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ወተት በዕጢዎች ተመርቶ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ጫፉ ይመጣል። ሕፃኑ ሲጠባ ደግሞ በጫፉ ላይ ያለው ነርቭ «ወተት ይውረድ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ያደርሳል። ኦፕራሲዮኑ ከዕጢው፣ ከቱቦውና ከነርቩ የተወሰነውን ይቆርጣል። የጡት ጫፉ ከሥሩ ሥጋ ጋር እንደተያያዘ ከተሠራላቸው ሴቶች ብዙዎቹ በሙሉም ሆነ በከፊል ማጥባት ይችላሉ። ነገር ግን «በእርግጥ ታጠቢያለሽ» ብሎ ዋስ የሚሆን ሐኪም የለም። ለእኛ እናቶች ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም። የቆርቆሮ ወተት ውድ ነው፤ ውኃውና ጡጦው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያመጣል።

ስለዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ፦

1ኛ/ ወደፊት ልጅ የሚፈልጉ ከሆነና ሕመሙ የሚቻል ከሆነ፣ ወልደውና አጥብተው እስኪጨርሱ መቆየት ይመረጣል። ጡት በእርግዝና ጊዜ እንደገና ሊያድግ ስለሚችል የተሠራውም ሥራ ሊበላሽ ይችላል።

2ኛ/ ሕመሙ የማይቻል ከሆነ ግን «ሳልወልድ አይሆንም» ብለው መሰቃየት የለብዎትም። ኪሳራውን አውቀው ይወስኑ፤ ጫፉ ሳይለይ የሚሠራበት መንገድ እንዳለም ይጠይቁ።

3ኛ/ የሚያጠቡ ከሆነ ልጁን ጡት ካስጣሉ በኋላ ስድስት ወር ያህል ይቆዩ። ጡት ወደ ተፈጥሮ መጠኑ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል።

4ኛ/ ለልጃገረድ አብዛኛውን ጊዜ የጡት ዕድገቷ እስኪቆም፣ ማለትም እስከ 18 ዓመት ገደማ መጠበቅ ይመከራል።

5ኛ/ ቀድሞውኑ የተሠራልዎ ከሆነ በነፍሰ ጡር ክትትልዎ የመጀመሪያ ቀን ይንገሩ። ሲወልዱ በመጀመሪያው ሰዓት ያጥቡ፤ ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያጥቡ፤ ልጁንም በመጀመሪያው ሳምንት አምጥተው ያስመዝኑ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ካልሸና ፈጥነው ይምጡ።

ኦፕራሲዮኑና የወሊድ መከላከያዎ

ለኦፕራሲዮን የተዘጋጀች ሴት እርጉዝ አለመሆኗ መረጋገጥ አለበት። ከኦፕራሲዮኑም በኋላ ጡቱ ቅርጹን ይዞ እስኪረጋ አንድ ዓመት ያህል እርግዝናን ማዘግየት ጥሩ ነው። በመሆኑም የወሊድ መከላከያ የዚህ ሕክምና አንድ ክፍል ነው።

በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት ከሆነ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ምን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ። እርሱ ከሳምንታት በፊት እንዲያቆሙ ሊያዝዎ ይችላል። በራስዎ ፈቃድ ግን አያቁሙ፤ ሲያቆሙም በዚያው ቀን ኮንዶም ወይም ሌላ ዘዴ ይያዙ። በክንድ ውስጥ የሚቀበረው ኢምፕላንትና በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ለዚህ ኦፕራሲዮን ተብለው መውጣት አያስፈልጋቸውም።

ምን ችግር ሊያጋጥም ይችላል?

እንደማንኛውም ኦፕራሲዮን ደም መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝና የማደንዘዣ ችግር ሊኖር ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ፦

• ስፌቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ዘግይቶ ሊድን ይችላል።
• የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። አልፎ አልፎ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ ጫፉ የሚጎዳበት ጊዜም አለ።
• ሁለቱ ጡቶች ፍጹም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።
• ጠባሳው አይጠፋም። ከአንድ ዓመት በላይ እየቆየ ይደበዝዛል እንጂ። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጠባሳው አብጦ ኬሎይድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲከተቡ ጠባሳው ካበጠብዎ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ሲጋራ የምታጨስ ሴት ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም አለባት፤ ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደም ሊያበዙ ስለሚችሉ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ይናገሩ። ስኳርና ደም ግፊት ካለብዎም አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ብዙዎቹ ቀላል ሥራቸውን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራሉ። ከባድ ነገር ማንሣት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ክልክል ነው። ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ አያንሡ። ሕፃን በአንቀልባ አይዘሉ፤ ማሰሪያው በስፌቱ ላይ ያልፋል። ቡና አይውቀጡ፤ ሊጥ አያቡኩ። ክንድዎን ከፍ አድርገው ሹሩባ አይሥሩ። በጀርባዎ ይተኙ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ሽቦ የሌለው ጡት መያዣ ቀንና ሌሊት ያድርጉ። ሰው ሊጠይቅዎ ሲመጣ ቤቱን የሚይዝልዎ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካሁኑ ያዘጋጁ።

ትኩሳት ከመጣ፣ ጡቱ በአንድ ወገን በድንገት ካበጠ፣ ቁስሉ መግል ካወጣ፣ የጡት ጫፉ ከጠቆረ፣ እግርዎን አንድ ወገን ብቻ አብጦ ካመመዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ወዴት ይኬዳል?

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባለሙያው መርምሮ የሪፈር ወረቀት ይጽፍልዎታል። በመዲናችን በቃጠሎና በፕላስቲክ ሰርጀሪ ሥራው የሚታወቀው ስድስት ኪሎ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ከመሪ የሚነሡ ከሆነ በመገናኛ በኩል ይደርሳሉ። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ትዕግሥት ይያዙ። በግል ሆስፒታል የሚሠራልዎ ከሆነም ሐኪሙ በዚህ ሙያ የሠለጠነ መሆኑን ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ለውበት ብቻ የሚደረግን ሕክምና አይሸፍንም። ስለሆነም ሕመምዎና የሞከሯቸው ነገሮች በካርድዎ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ ያድርጉ፤ ወጪውንም አስቀድመው ይጠይቁ። ከባለቤትዎ ጋር መመካከር መልካም ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ሴት ከሆኑ ግን የስምምነት ወረቀቱን የሚፈርሙት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

በመጨረሻ

በሩን ያስዘጋችው እናት ሁሉን ከሰማች በኋላ ከባለቤቷ ጋር ተመካከረች። አንድ ልጅ መድገም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወልዳ አጥብታ እስክትጨርስ ለመቆየት ወሰነች። ከጡቷ ሥር ያለው ቁስል ድኗል። ሰፊውን ጡት መያዣ ካገኘች ወዲህ የትከሻዋ ሕመም ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልተዋትም። ይህን ሳልደብቅ ነው የምነግርዎ። ጊዜው ሲደርስ የት እንደምትሄድና ምን እንደምትጠይቅ ግን አሁን ታውቃለች።

እርስዎም ተመሳሳይ ችግር ካለብዎ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይንገሩን። ሰው እንዳይሰማ ከፈለጉ በሩን እንድንዘጋልዎ ብቻ ይበሉን።

ቸር ይግጠመን።